ስሟን ያጣች ጣቢያ፦ የጦርነት ዘመን የባቡር ሞዴል እንዴት ይሠራል?

በእንጨት ገበታ ላይ የተሠራች አንዲት ትንሽ የባቡር ጣቢያ በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉ። ሁለት ሐዲዶች ጎን ለጎን ያልፋሉ፤ የጡብ ቤት አለ፤ መንገደኞች የሚሳፈሩበት ከፍ ያለ መድረክ አለ። መድረኩ ላይ በሁለት ቋሚ እንጨቶች የተያዘ የስም ሰሌዳ ቆሟል፤ ጽሑፍ ግን የለበትም። የፈረሰ ቤት ወይም የተጠመደ መድፍ የትም አይታይም። ዘመኑን የሚያውቅ ሰው ግን ዓይኑ ሰሌዳው ላይ እንዳረፈ «ይህማ እንግሊዝ አገር ነው፤ የ1940 በጋ ነው» ይላል። ጀርመኖች በባሕር ወይም በፓራሹት ይመጣሉ ተብሎ በተሰጋበት በዚያ በጋ፣ ጠላት የት እንደወረደ እንዳያውቅ የመንገድ ምልክቶች ከየመስቀለኛው ተነቅለዋል። የባቡር ጣቢያዎችም ስማቸው ተነቅሏል ወይም በቀለም ተሸፍኗል።

የጦርነት ዘመንን በሞዴል ላሳይ ብሎ የሚነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚገዛው ታንክ ነው። እኔ ግን ከሁሉ በፊት ወረቀትና እርሳስ ይዞ አንድ ጥያቄ እንዲመልስ እመክረዋለሁ፦ ጦርነቱ ከዚህች ጣቢያ ምን ወሰደ? መልሱ ረጅም ነው። ስሟን ወሰደ፤ የሌሊት መብራቷን ወሰደ፤ የባቡሮቹን ደማቅ ቀለም፣ የመኪናዎቹን ቤንዚን፣ ሻንጣ ይሸከሙ የነበሩትን ጎልማሶች ወሰደ። ይህ ዝርዝር በእጁ ያለ ሰው ታንክ ሳይገዛ ጦርነቱን ማሳየት ይችላል።

ለሙያው አዲስ ለሆነ አንባቢ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። የባቡር ሞዴል ማለት እውነተኛውን ባቡር በተወሰነ ምጣኔ አሳንሶ መሥራት ነው። ባቡሩ ብቻውን ጌጥ ነው፤ ሐዲዱ፣ ጣቢያው፣ ኮረብታው፣ ሰዎቹ ሁሉ ተሟልተው አንድ ገበታ ላይ ሲቀመጡ ግን የአንድ ቦታና የአንድ ዘመን ሕይወት ይሆናል። እንግሊዞቹ ይህን ሙሉ ሥራ «ሌይአውት» ይሉታል፤ እኔ እዚህ ገበታ እያልኩ እቀጥላለሁ። ዓመተ ምሕረቱም ስለ እንግሊዝ ሳወራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ወደ አገራችን ስመለስ በእኛው እቆጥራለሁ።

መጀመሪያ የሚወሰነው ቀን ነው። «የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን» ብሎ መጀመር አይበቃም፤ ስድስት ዓመት ረጅም ነው፤ በስድስት ዓመት ውስጥም አንድ ጣቢያ ብዙ ጊዜ መልኳን ትለውጣለች። በሴፕቴምበር 1939 መጀመሪያ ቀናት አንድ ሚሊዮን ተኩል የሚደርሱ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሕፃናት፣ ከትልልቅ ከተሞች ወደ ገጠር ሲወሰዱ መድረኩ ደረታቸው ላይ የስም ወረቀት በተንጠለጠለ ልጆች ይሞላል። በ1940 በጋ ስሟ ይጠፋል። የአጥር ብረት ተነቅሎ ለጦር መሣሪያ ይቅለጥ ተብሎ በሰፊው የተሰበሰበው ከ1941 መገባደጃ ወዲህ ስለሆነ፣ በ1940 ገበታ ላይ አጥሩ አለ፤ በ1943 ገበታ ላይ ከድንጋዩ ጫፍ ላይ የተቆረጡ ጉቶዎች ብቻ ይቀራሉ። በአሜሪካ የተሠሩት የጦር ሠራዊት ሎኮሞቲቮች እንግሊዝ የደረሱት በ1942 መጨረሻ ነው። እንግሊዞች ራሳቸው ለጦርነቱ ብለው በቀላል አሠራር ያመረቷቸው፣ ቁጥራቸው 935 የደረሰው ባለ ስምንት ገፊ መንኮራኩር ሎኮሞቲቮችም መውጣት የጀመሩት በ1943 ነው። እነዚህን በ1940 ጣቢያ ላይ ማቆም፣ በአድዋ ጦርነት ሥዕል ላይ አውሮፕላን እንደመሳል ነው።

እኔ የመረጥኩት የሜይ 1940ን የመጨረሻ ቀናት ነው። ቦታው በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኬንት አውራጃ፣ ከአሽፎርድ ወደ ቶንብሪጅ በሚወስደው መስመር ላይ ያለችው ሄድኮርን ናት። ከሜይ 26 እስከ ጁን 4 ባሉት ቀናት ከፈረንሳይዋ ደንከርክ የባሕር ዳርቻ 338,226 ወታደሮች በመርከብና በጀልባ ወጥተዋል። ዶቨርና ሌሎች ወደቦች ላይ ሲወርዱ እርጥብ፣ የተራቡና እንቅልፍ ያጡ ነበሩ። ከወደቦቹ ወደ መሐል አገር የወሰዷቸው ወደ 620 የሚጠጉ ልዩ ባቡሮች ናቸው። ሄድኮርን ከመደበኛው ሠራተኛዋ በቀር ሰው የማይበዛባት የገጠር ጣቢያ ስትሆን፣ በድንገት ባቡር ሁሉ ለጥቂት ደቂቃ ቆሞ ወታደሩ የሚበላባት ቦታ ሆነች። የአካባቢው ሴቶች ዳቦ ቆረጡ፤ ሻይ አፈሉ። ኩባያ ስላልበቃ ባዶ ቆርቆሮ ጣሳዎች ለሻይ መጠጫ ዋሉ፤ ባቡሩ ሊንቀሳቀስ ሲል ወታደሮቹ ጣሳውን በመስኮት ወደ መድረኩ ይወረውሩ ነበር፤ ለሚቀጥለው ባቡር ታጥቦ ይደርሳልና።

ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር ልቤ የሚሄደው ወደ ጣሳዎቹ ነው። ባቡሩ ሄዶ መድረኩ ላይ የተበተኑ ጣሳዎችና ጎንበስ ብለው የሚለቅሙ ሴቶች የሚታዩበት ገበታ፣ ከማንኛውም መድፍ ይልቅ የዚያን ሳምንት ድካም ይናገራል።

ቀኑና ቦታው ከታወቀ በኋላ ሒሳቡ ይመጣል። በእንግሊዝ በብዛት የሚሠራበት ስኬል (የማሳነሻ ምጣኔ) 1 ለ76 ነው። 1 ሜትር ከ70 የሚሆን ሰው 22 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ከአውራ ጣት ጥፍር ትንሽ ይበልጣል። በዘመኑ የነበረ 18 ሜትር ርዝመት ያለው የመንገደኛ ፉርጎ ወደ 24 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። እንግዲህ አሥር ፉርጎ የሚጎትት የወታደር ባቡር ያለ ሎኮሞቲቩ 2 ሜትር ከ40 ሊወስድ ነው፤ ከአልጋ ይረዝማል። ስለዚህ ሞዴል ሠሪ ሁሉ ያሳጥራል። አራት ወይም አምስት ፉርጎ አድርጎ፣ የባቡሩን ጭራ ከድልድይ ወይም ከዛፍ ጀርባ ይደብቀዋል፤ ያልታየውን የተመልካቹ ሐሳብ ይቀጥለዋል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ጉድለት አለ። የእውነተኛው ሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ በትክክለኛው ምጣኔ ለ76.2 ሲካፈል 18.83 ሚሊ ሜትር መሆን ነበረበት። ገበያ ላይ ያለው ሐዲድ ግን 16.5 ነው። ምክንያቱ ታሪካዊ ነው፦ የእንግሊዝ ባቡሮች ከአውሮፓ ባቡሮች ጠበብ ያሉ በመሆናቸው፣ በአውሮፓው 1 ለ87 ስኬል ቢሠሩ የዚያ ዘመን ሞተር ውስጣቸው አይገባም ነበር። ስለዚህ አካሉን አተለቁትና ሐዲዱን እንዳለ ተዉት። እስከ ዛሬ የእንግሊዝ ሞዴል ባቡር ጠባብ ጫማ የተጫማ ሰው ይመስላል። ይህን ለማረም በ18.83 ሚሊ ሜትር ሐዲድ በእጃቸው የሚሠሩ አሉ፤ ትዕግሥታቸውን አከብራለሁ። ለጀማሪ ግን የተዘጋጀው 16.5 ይበቃል፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ሲያርም ዓመት የሚፈጅ ሰው ጣሳዎቹ ጋ ሳይደርስ ይደክመዋል።

ስለ ገበታው ብዙ አልናገርም። ኮምፔርሳቶ፣ ከሥሩ እንዳይጎብጥ የሚደግፈው የእንጨት ፍሬም፣ ነጭ የእንጨት ኮላ፣ ሽቦ። ሐዲዱ በቀጥታ የኤሌክትሪክ ጅረት (ዲሲ) እስከ 12 ቮልት ይወስዳል፤ ቮልቱ ሲጨምር ባቡሩ ይፈጥናል፤ የሁለቱ ሽቦ አቅጣጫ ሲገለበጥ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሐዲድ ላይ አቧራ ካለ ባቡሩ ይቆማል፤ ዋናው የቤት ሥራ ማጽዳት ነው። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው «ጓዳው» ነው። ተመልካች የሚያየው ክፍል እንደ ሳሎን ነው፤ በግራና በቀኝ ከግድግዳ ጀርባ ደግሞ ባቡሮች ተራቸውን የሚጠብቁበት ስውር ሥፍራ መኖር አለበት። በዚያ ሳምንት ባቡር በባቡር ላይ ያልፍ ስለነበር፣ ጓዳ የሌለው ሄድኮርን አንዱን ባቡር እያዞረ ሲያሳይ ይውላል።

ባቡሮቹን በተመለከተ የደንከርክ ሳምንት ለሞዴል ሠሪ የሰጠው አንድ ዕድል አለ። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አራት ትልልቅ የባቡር ኩባንያዎች ነበሩ፤ የእያንዳንዱ ፉርጎ የራሱ ቀለም ነበረው። በሰላም ቀን በኬንት የሚታየው የደቡቡ ኩባንያ አረንጓዴ ነው። ወታደሮቹን ለማጓጓዝ ግን 186 ሙሉ ባቡር ከአራቱም ተሰበሰበ፦ 55 ከደቡቡ፣ 47 ከሰሜን ምሥራቁ፣ 44 ከለንደን ሚድላንዱ፣ 40 ከምዕራቡ ኩባንያ። ስለዚህ ቡኒና ክሬም፣ ጠቆር ያለ ቀይና የእንጨት ቀለም ያላቸው ፉርጎዎች በአንዲት የኬንት ጣቢያ ተከታትለው ቢያልፉ ስሕተት አይደለም። ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ቅልቅል ያሳየ ሰው በአዋቂዎች ይታረም ነበር።

ሎኮሞቲቮቹ ጥቁር መሆን አለባቸው የሚል እምነት ሰፊ ነው። ጥቁሩ ቀለም እየተስፋፋ የሄደው ግን ሎኮሞቲቮቹ ተራ በተራ ለጥገና ወደ ጋራዥ ሲገቡ ነው። በሜይ 1940 ብዙዎቹ የሰላም ጊዜ አረንጓዴያቸውን እንደለበሱ ነበር፤ የጎደላቸው የሚያጥባቸው ሰው ነው። ስለዚህ አረንጓዴውን ቀቡትና በላዩ ላይ የጥላሸት፣ የዘይትና የዝገት እድፍ በቀጭኑ ደራርቡበት። ከሾፌሩ ክፍል ጣሪያ እስከ ከሰል መጫኛው የተዘረጋ ሸራ ጨምሩ። የምድጃው ነበልባል በሌሊት ከሰማይ እንዳይታይ የተደረገ መጋረጃ ነው፤ ሾፌሩና ከሰል ጨማሪው ሥሩ በሙቀት ሲቀቀሉ ያድሩ ነበር።

ከጣቢያው ጀርባ ባለው ጓሮ አንድ የአየር ጥቃት መጠለያ ሠርቻለሁ፤ አሠራሩን በዝርዝር ላሳይ። አንደርሰን የሚባለው መጠለያ ከቆርቆሮ የሚገጣጠም ነው። 2 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ከ40 ስፋት፣ 1 ሜትር ከ80 ቁመት አለው፤ 1 ሜትር ከ20 ያህሉ መሬት ውስጥ ይቀበራል፤ በላዩ ቢያንስ 38 ሳንቲ ሜትር አፈር ይደለደላል። በ1 ለ76 ሲሰላ ርዝመቱ 26 ሚሊ ሜትር፣ ከመሬት በላይ የሚታየው ቆርቆሮ 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ቆርቆሮን እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ እናውቀዋለን፤ የተሳሳተ ማዕበል ዓይናችን ወዲያው ይለየዋል። የተለመደው የቆርቆሮ ማዕበል ከጫፍ ጫፍ 76 ሚሊ ሜትር ነው። ለ76 ሲካፈል ልክ 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የባለ 6 ሚሊ ቡሎን ጥርስ ደግሞ ልክ 1 ሚሊ ሜትር ይራራቃል። ስለዚህ የወጥ ቤት አሉሚኒየም ወረቀት ለስላሳ ካርቶን ላይ አንጥፉ፤ ቡሎኑን በላዩ አጋድማችሁ በመዳፍ እየተጫናችሁ አንድ ጊዜ ብቻ አንከባሉት። ወረቀቱ ቆርቆሮ ሆኖ ይነሳል። በእርሳስ ላይ ጎብጦ ቅርጹን ሲይዝ በግራጫ ቀለም ይቀባል፤ ጫፍ ጫፉ ላይ ትንሽ ዝገት ይነካል።

አፈሩን የሠራሁት ከቡና ዝቃጭ ነው። ከጀበናው የተረፈው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ደርቆ፣ በወንፊት ተነፍቶ፣ በውኃ በቀጠነ ኮላ ይያዛል። ኮላው ውስጥ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ካልገባ ፈሳሹ ዶቃ ዶቃ ሆኖ ይቀራል፤ አይሰርግም። ዝቃጩ በደንብ ሳይደርቅ የተጠቀምኩበት የመጀመሪያው ጓሮ በሁለት ሳምንት ሻግቶ ሙሉውን ማንሳት ግድ ሆኖብኛል። ቤተሰቦቹ በመጠለያው አናት ላይ ሰላጣና ሌላ አትክልት ይተክሉ ነበር፤ ምግብ ከጃንዋሪ 1940 ጀምሮ በራሽን ነበርና። የተቆራረጠ አረንጓዴ ወረቀትና ቀለም የነከረ ሰጋቱራ ለሰላጣው ይበቃል።

ሌላው የማልደራደርበት ጉዳይ ብርሃን ነው። የሞዴል ሠሪዎች ደስታ በየመስኮቱ ትንንሽ አምፖል ማብራት ነው፤ የጦርነት ገበታ ግን ይህን ደስታ ይከለክላል። ከሴፕቴምበር 1, 1939 ጀምሮ በእንግሊዝ ሌሊት ብርሃን ከመስኮት መውጣት የለበትም ተብሎ ታወጀ። ጣቢያ ላይ የሚበሩት ተሸፍነው የደበዘዙ ጥቂት መብራቶች ነበሩ፤ ሰው ከመድረኩ ወድቆ ሐዲድ ላይ እንዳይገኝ ጠርዙ ነጭ ተቀባ፤ ምሰሶዎችና የመኪና መከላከያዎችም እንዲሁ። ገበታችሁን በሌሊት ልታሳዩ ከፈለጋችሁ የክፍሉን መብራት አጥፉና ነጩ ጠርዝ ብቻ እንዲለይ አድርጉ። በቀን ከሆነ መስኮቶቹ ላይ፣ ፍንዳታ መስታወቱን እንዳይበትነው በመስቀል ቅርጽ የተለጠፈውን ወረቀት በቀጭን ብሩሽ ሥሩ። ሰዎቹ ሁሉ ትከሻቸው ላይ በክር የተንጠለጠለ የጋዝ ጭምብል ካርቶን ይያዙ፤ በዚህ ስኬል ከምስር ፍሬ አይበልጥም፤ ሲጎድል ግን ይታወቃል። ገበታው የኋለኞቹን የጦርነት ዓመታት የሚያሳይ ከሆነ ግድግዳው ላይ «ጉዞዎ በእርግጥ አስፈላጊ ነው?» የሚለው ማስታወቂያ ይለጠፍ።

አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፤ ሳልነካው ማለፍ አልፈልግም። በዚያው ዘመን የጀርመንን ባቡር በገበታ ላይ የሚሠሩ ብዙ ናቸው፤ ሎኮሞቲቮቹ በእርግጥ ግሩም ናቸው። እነዚያው የጀርመን መንግሥት ባቡሮች ግን አይሁዳውያንን በጭነት ፉርጎ አሽገው ወደ ኦሽዊትዝና ወደ ትሬብሊንካ አድርሰዋል። የ1943 ጀርመንን ገበታ የሚሠራ ሰው ይህን ያላየ መምሰል የለበትም። ለማስታወስና ለማስተማር በሙዚየም መልክ መሥራት አንድ ነገር ነው፤ የተዘጋ ፉርጎን ለመዝናኛ ማሽከርከር ግን፣ በእኔ እምነት፣ ሊደረግ የማይገባው ነው።

የእኛስ? በአማርኛ ለሚያነብ ሰው የሚቀርበው የጦርነት ዘመን መስመር ከጅቡቲ አዲስ አበባ የተዘረጋው ነው። 784 ኪሎ ሜትር በ1 ለ87 ስኬል 9 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ስለዚህ አንድ ቦታ መምረጥ የግድ ነው። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ስለሆነ በዚህ ስኬል 11.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ ገበያ ላይ ያለው 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ በጣም ይቀርበዋል። የስዊዘርላንድ ተራራማ ባቡሮች ባለ አንድ ሜትር ሐዲድ ስለሆኑ መንኮራኩርና ሞተሩ ከእነርሱ ሞዴል ይገኛል፤ አካሉ ግን ከፎቶግራፍ እየታየ በእጅ መሠራት አለበት። በ1933 መጋቢት መጨረሻ አካባቢ ጣሊያኖች ሲያፈገፍጉ ያፈረሱትን የአዋሽ ድልድይ መሥራት ይቻላል፤ ገደሉ አለ፤ ሐዲዱ ከሁለቱም በኩል ይመጣል፤ መሐሉ የለም።

እኔ የጀመርኩት ለገሃርን ነው፤ ፈረንሳዮቹ «ላ ጋር» ያሉትን ሕዝባችን የራሱ ያደረገው ስም። የቀኑ ጥያቄ እዚህም ቀዳሚ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ስደት ያመሩበት ባቡር አዲስ አበባን የለቀቀው ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ገና ሳይነጋ ነው፤ ጣሊያን ከተማዋን የያዘው ሚያዝያ 27 ነው። በመካከል ያሉት ቀናት የዝርፊያና የቃጠሎ ቀናት ነበሩ። ጣቢያው ፊት ለፊት፣ በ1923 ለዘውድ በዓሉ የተተከለው በወርቅ የተለበጠው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ያን ጊዜ በቦታው ነበር። ወራሪዎቹ በኋላ ነቅለው ሮም ወሰዱት፤ ዘርዓይ ደረስ በ1930 ሰኔ ሰይፉን የመዘዘው እዚያ ቆሞ ባየው ጊዜ ነው። ወደ አዲስ አበባ የተመለሰው ከነፃነት በኋላ ብዙ ዓመታት ቆይቶ ነው።

ስለዚህ አንበሳውን ከሸክላ ጭቃ ቀርጬ፣ አድርቄ፣ ወርቃማ ቀለም ስቀባው፣ ከመደቡ ጋር በኮላ አላጣበቅሁትም። ከሆዱ ሥር ቀጭን መርፌ ተክዬለታለሁ፤ መደቡ ላይ ደግሞ መርፌው የሚገባበት ቀዳዳ አለ። ገበታው የ1928 ሲሆን አንበሳው ይቆማል። የ1930 ሲሆን በሁለት ጣት ይነሳል፤ መደቡ ላይ ቀዳዳዋ ብቻ ትቀራለች።